ጊታር ለጀመርሽው ልጄ

ልጄ፣ ጊታር መማር እንደጀመርሽ ሰማሁ። የቀደሙትን ተጫዋቾች ዘፈን ማታ ማታ በስልክሽ እየከፈትሽ፣ ጣታቸውን እየተከተልሽ እንደምታመሺም ነገሩኝ። ደስ አለኝ። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ አንዲት ልጅ ጊታር ይዛ ስትቀመጥ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከደስታዬ ጋር ግን ትንሽ ስጋት አደረብኝ። የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

ስጋቴ በጊታሩ አይደለም። ሙዚቃ ነውር አይደለም፤ ሴት ልጅ ጊታር መያዟም ነውር አይደለም። የሚያሳስበኝ የቀደሙትን የምትከተዪበት መንገድ ነው። ጣታቸውን መቅዳት ያን ያህል አይከብድም። አንዱን ዘፈን ደጋግመሽ ካጫወትሽው ይዋል ይደር እንጂ ይሳካልሻል። ጆሯቸውን መውረስ ግን ጊዜ ይፈልጋል። እነዚያ ሰዎች ለወግ የበቁት ከመጫወታቸው በፊት ብዙ ስለሰሙ ነው። የራሳቸውን ሰው ሰምተዋል፤ የራሳቸውን ሰፈር ሰምተዋል፤ የእናቶቻቸውን ዘፈን ሰምተዋል። ከእነሱ ይህን ከወረስሽ ሌላው ይከተላል። ይህን ትተሽ ጣቱን ብቻ ከያዝሽ ግን፣ ልጄ፣ ብዙ ደክመሽ የሰው ቅጂ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። አንቺ ደግሞ ከዚያ የምትበልጪ ልጅ ነሽ።

ከሰው መማር አያሳፍርም። ከሰው ሳይማር ተጫዋች የሆነ የለም። አሜሪካዊውን ቦብ ዲላንን ስሙን ሰምተሽ ይሆናል። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1961 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ፣ ከሚኒሶታ ተነሥቶ ኒው ዮርክ ገባ። ከሄደበት ጉዳይ አንዱ ዉዲ ገትሪ የሚባለውን የሕዝብ ዘፋኝ ማየት ነበር። ዉዲ በዚያን ጊዜ ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል። ልጁ ሄዶ ጠየቀው፤ የዉዲንም ዘፈኖች ለራሱ ለዉዲ ዘፈነለት። በዓመቱ የመጀመሪያ አልበሙ ወጣ። እዚያ አልበም ላይ የራሱ ድርሰት የነበሩት ሁለት ዘፈኖች ብቻ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ለዉዲ የተገጠመ ነው። ሌላው በሙሉ ከሰው የተማረው ነው። የራሱ ቃል በኋላ መጣ። መጀመሪያ ጆሮውን ሞላ፤ ከዚያ አፉን ከፈተ።

ሌላም ነገር ልብ በይልኝ። ያ ልጅ ዘፈኑን በሸክላ ሰምቶ ዝም አላለም። ሰውየው በሕይወት እያለ ደጁ ድረስ ሄደ። አንቺም የምትወጃቸው ሰዎች በሕይወት ካሉ ሂጂና እጅ ንሺ። ከተማው ሩቅ ነው አትበዪ። ከወልቂጤ አዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም።

አሁን ወደ ራሳችን ሰው እንምጣ። ማሕሙድ አሕመድ የጉራጌ ልጅ ነው፤ የተወለደው አዲስ አበባ በ1933 ዓ.ም. ነው። በልጅነቱ ሊስትሮ ሠርቷል። በኋላ አሪዞና በሚባል የሌሊት ክበብ ተቀጥሮ ትንሽ ትልቁን ሥራ ሲሠራ፣ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች እዚያ እየመጡ ሲጫወቱ ይሰማ ነበር። አንድ ሌሊት ዘፋኝ ሲታጣ ‹ልዝፈን› ብሎ ወጣ። ከዚያ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ገባና ከአሥር ዓመት በላይ ሠራ። ሰው ይህን ሲያወራ ዕድል ይለዋል። እኔ ዕድል ብቻ ነው አልልም። ዘፈኖቹን ቀድሞ በጆሮው ባያጠናቸው ኖሮ፣ ያን ሌሊት መድረኩ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ምን ይጠቅመው ነበር? ዕድሉ ሲመጣ እሱ ተዘጋጅቶ ነበር። አንቺም ተዘጋጅተሽ ጠብቂ።

ልጄ፣ ጊታር አገራችን ሳይገባ በፊት ክራር ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ክራር። የእኛ የመጀመሪያ መምህራን በክራር የዘፈኑት ሰዎች ናቸው። ካሳ ተሰማን ስሚ። ማሪ አርምዴን ስሚ። አስናቀች ወርቁን ስሚ። ከውጭ አገር ጊታር ተጫዋቾች በፊት እነሱን ስሚ ብልሽ ደስ ይለኛል። ሌላውን ተዪ አላልኩሽም፤ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ ነው የምልሽ። አስናቀች ስትዘፍን ክራሩ ቃሏን አይሸፍነውም። እሷ ስትናገር ዝቅ ይላል፤ እሷ ስታርፍ እሱ ይናገራል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከእሷ ብትማሪ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ያገለግልሻል። ዘንድሮ ብዙ ወጣት ጊታሩ ዝም እንዳይል ይፈራል። ዝምታ የሙዚቃ ክፍል መሆኑን ማንም ስላልነገረው ነው። እኔ ነገርኩሽ።

የአስናቀችን ሕይወትም እወቂ። በአገራችን መድረክ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ ወንዶች ይጫወቱ በነበረበት ዘመን፣ በሙያዋ ተዋናይት ሆና የቆመች የመጀመሪያዋ ሴት ናት ይባልላታል። በዚያ ላይ ክራር ትደረድር ነበር። በገና የዳዊት መሣሪያ፣ የጸሎት መሣሪያ ተብሎ ሲከበር፣ ክራር ግን የመጠጥ ቤትና የሰይጣን መሣሪያ እየተባለ ይነቀፍ ነበር። ክራር የያዘች ሴት ምን ምን እንደምትባል ልታስቢው ትችያለሽ። እሷ ግን አላስቀመጠችውም። በ2004 ዓ.ም. መባቻ ላይ አረፈች። ኢትዮፒክስ በሚባለው የዘፈን ስብስብ 16ኛው ቅጽ የእሷ ሥራ ብቻ ነው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች ይሰሙታል። ሲሰድቧት የኖሩት ሰዎች ስም ግን የለም።

ይህን ያነሣሁልሽ አንቺንም ሰው ሊናገርሽ ስለሚችል ነው። ‹አዝማሪ ልትሆኚ ነው?› ይሉሻል። ‹ሴት ልጅና ጊታር ምን አገናኛቸው?› ይሉሻል። አትጣዪ፣ አትመላለሺ። በሥራሽ መልሺላቸው። አገርሽ የቃቄ ውርድወትን ያፈራ አገር ነው። በድሮው ዘመን እሷ፣ አንዲት የጉራጌ ሴት፣ የጆካ በሚባለው የጉራጌ ሸንጎ ፊት ቆማ የሴቶችን መብት ከጠየቀች፣ አንቺ በዚህ ዘመን አንድ ጊታር ለመያዝ አንገትሽን አትድፊ። ግን በጨዋነት ያዢው። አባትና እናትሽን አስፈቅደሽ፣ ሰዓትሽን አክብረሽ፣ የትና ከማን ጋር እንደምትጫወቺ ቤተሰብሽ እያወቀ ይሁን። ያኔ የሚናገር ሰው የሚናገረውን ያጣል።

ለሴት ተጫዋች አንድ ምሳሌ ልጨምርልሽ። ኤልዛቤት ኮተን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ግራኝ ስለነበረች የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጣ ነው የተማረችው፤ ሌላው በአውራ ጣቱ የሚመታውን እሷ በሌላው ጣት፣ ሌላው በጣት የሚለቅመውን እሷ በአውራ ጣት ትመታ ነበር። ገና ልጅ ሳለች የደረሰችው ዘፈን እስከ ዛሬ ይዘፈናል። በቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ምክር ጊታሩን ለብዙ ዓመታት ተወችው። በኋላ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ የቤቱ ሰዎች ሙዚቀኞች ኖሩና ጊታር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘች፤ አንሥታ ስትጫወት ሰሟት። ስድሳ ዓመት ካለፋት በኋላ አልበም አወጣች፤ ወደ ዘጠና ዓመቷ ገደማ ግራሚ ሽልማት ተቀበለች። ስለዚህ ትምህርት ቢያቋርጥብሽ፣ ፈተና ቢደርስ፣ ትዳር ቢመጣ፣ ‹አለቀልኝ› አትበዪ። በጆሮ የገባ ነገር በቶሎ አይወጣም።

አሁን ስለ ጊታሩ ራሱ ላውራሽ። ጊታር እኛ ዘንድ እንግዳ ሆኖ መጣ። እንግዳውን ቤተኛ ያደረጉት ሰዎች አሉ፤ እነሱን በስም እወቂያቸው። ሰላም ስዩም በአይቤክስ ባንድ፣ በኋላም ሮሃ በተባለው ባንድ ጊታር የተጫወተ ሰው ነው። ማሕሙድ ‹ኧረ መላ መላ›ን በ1975 እ.ኤ.አ. ሲቀርጽ ያጀበው አይቤክስ ነው። ያ ሥራ በ1986 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ በሸክላ ወጥቶ የአገራችንን ሙዚቃ ለውጭ ሰው አስተዋወቀ። ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። ሰላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያጠና ሰው ነው፤ የጻፈውም ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን አመጣጥና እድገት ነው። እጁ ጊታር ላይ፣ አእምሮው መጽሐፍ ላይ ነበር። የሚጫወተው ከየት እንደመጣ ያውቃል። ‹ሙዚቃ ጀመርኩ፣ ትምህርት አቆምኩ› የሚሉ ልጆች ሲያጋጥሙሽ ይህን ሰው አስታውሺ። አንቺ ደግሞ ጉብሬ ላይ ዩኒቨርሲቲ ደጅሽ ድረስ መጥቶልሻል። ትምህርትሽን አትተዪ፤ እለምንሻለሁ፣ አትተዪ።

ማሕሙድ አማንንም ስሚ፤ የዋልያስ ባንድ ጊታር ተጫዋች ነበር። አየለ ማሞን ስሚ፤ ማንዶሊን በአገራችን እንዲህ መናገር ይችል እንደነበር ከእሱ ትረጃለሽ። ግሩም መዝሙርን ስሚ። ግሩም ጊታር ተጫዋች ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክትን ሲያቋቁም ወደ ድሮ ዘፈኖች ተመለሰ። አኮርዲዮን፣ ክላርኔት፣ ማንዶሊን ሰበሰበ፤ አየለ ማሞንም አብሮት እንዲጫወት አደረገ። ወጣቱ ሽማግሌውን አክብሮ መድረክ ላይ አጠገቡ አስቀመጠው። የቀደመን ሰው መከተል ማለት እንዲህ ነው። ዘፈኑን ወስዶ ሰውየውን መርሳት መከተል አይባልም።

ከአገራችን ውጭም ይህን ጉዳይ አጥርቶ ያሳየን ሰው አለ፤ የማሊው አሊ ፋርካ ቱሬ። በልጅነቱ የተጫወተው አንድ ክር ብቻ ያለው የአገሩ መሣሪያ ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. የጊኒው ኬይታ ፎዴባ ጊታር ሲጫወት ሰማና ‹እኔም ይህን እይዛለሁ› አለ። ያዘም። ግን የፎዴባን ዘፈን ሲደጋግም አልኖረም። በአንዷ ክር ላይ የሚያውቀውን የራሱን አገር ዜማ አምጥቶ ጊታሩ ላይ አኖረው። ዓለም ሲሰማው ተገረመ፤ በሕይወቱ ሳለ ሁለት ጊዜ ግራሚ አገኘ። እሱ ግን ኒያፉንኬ በምትባል ትንሽ ከተማው እያረሰ ኖረ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ከንቲባዋም ሆነ። ልጄ፣ ትንሽ ከተማ መኖር ለሙዚቃ እንቅፋት አይደለም። ትንሽ ከተማን መናቅ ግን እንቅፋት ነው።

እንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች ዴቪ ግራሃምም አለ። ሞሮኮ ሄዶ ኡድ የሚባለውን ባለክር መሣሪያ ሲሰማ፣ የጊታሩ ቅኝት ከኡዱ ጋር አልስማማ አለው። ኡዱን አላስተካክልም፤ ጊታሬን አስተካክላለሁ አለ። ከታች እስከ ላይ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ የነበሩትን ክሮች ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ፣ ሬ አድርጎ ቃኛቸው። ያ ቅኝት ዛሬ በየአገሩ ያሉ የሕዝብ ዘፈን ጊታር ተጫዋቾች የሚጠቀሙበት ነው። ከሰውየው የምትወርሺው ቅኝቱን ብቻ አይደለም፤ ትሕትናውንም ነው። እንግዳ አገር ገብቶ መሣሪያውን ለእንግዳው ዜማ ዝቅ አደረገው። አንቺ የገዛ አገርሽን ዜማ ስትጫወቺማ እንዴት አብልጠሽ አታደርጊውም?

ይህን ቅኝት ሞክሪው፤ ይጠቅምሻል። ምክንያቱን ልንገርሽ። ከሬ ተነሥተሽ ባቲ የሚባለውን የአገራችንን የዜማ ቅኝት ስትጫወቺ፣ የክፍቶቹ ክሮች ድምፆች ሬ፣ ሶልና ላ ሦስቱም ከባቲ ውስጥ ናቸው። አምባሰልም እንዲሁ። ስለዚህ ክፍቱን ክር ብትነኪው አያጣላሽም፤ እንደ ክራር እያስተጋባ ያጅብሻል። ትዝታ ላይ ስትደርሺ ግን ሶሏን ተጠንቀቂ። ትዝታ ከሬ ሲነሣ ሶል የለበትም።

ይህ ነገር ብዙ ልጆችን ስለሚያሳስት ትንሽ ልቆይበት። የትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋና ሲ የሉበትም። ልጆች ግን ከውጭ ዘፈን የለመዱትን ኮርድ ሁሉ እዚህ ያመጡታል። የፋ ኮርድ ስትመቺ ፋ ገባ። የሶል ኮርድ ስትመቺ ሲ ገባ። ዘፈኑ ወዲያው ሌላ ይሆናል፤ ሰሚው ምን እንደጎደለው አያውቅም፤ ልቡ ግን ይሸሻል። የዶ ኮርድና የላ ማይነር ኮርድ ከቅኝቱ አይወጡም። በእነሱ ጀምሪ። ኮርድ ማብዛት እውቀት አይደለም። እነ ካሳ ተሰማ በአምስትና በስድስት ክር ሰውን አስለቅሰዋል።

ደግሞ ጊታር ፍሬት አለው፤ ክራር የለውም። ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፤ ዘፋኙም ድምፁን በሁለት ፍሬት መካከል ሊያሳርፈው ይችላል። ስለዚህ ክሩን በጣትሽ ገፋ፣ ሳብ አድርጊው። ድምፁን ወደ ሰው ድምፅ አስጠጊው። እንዴት ብትይ፣ መጀመሪያ ዘፈኑን በአፍሽ ዝፈኚው። ያልዘፈንሽውን አትጫወቺ። ይህን ደግሜ ልንገርሽ። ያልዘፈንሽውን አትጫወቺ። ጣት ጆሮን ቀድሞ ሲሄድ ጨዋታው ፍጥነት ብቻ ይሆናል። ፍጥነት አንድ ቀን ያስጨበጭባል፤ በማግስቱ ማንም አያስታውሰውም።

አሁን ልቤ ውስጥ ወዳለው ዋና ነገር ልምጣ። ትዝታንና ባቲን ተማሪ፤ መልካም ነው። የአገርሽን የጉራጌን ዘፈን ግን ማን ጊታር ላይ ያመጣው? ቸሃው፣ እዣው፣ ሙኽሩ፣ ሶዶ ክስታኔው፣ መስቃኑ፣ ሁሉም የራሱ ዜማና የራሱ አካሄድ አለው። አንዱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። እግሩ ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይፈጥናል። ይህን ምት ስልክሽ አያስተምርሽም። ጀፎር በሚባለው ሰፊ የመንደር መንገድ ላይ ወርደሽ ከሰው ጋር ማጨብጨብ አለብሽ። መጀመሪያ በእጅሽ አጨብጭቢው፣ ቀጥሎ በእግርሽ ጨፍሪው፣ ከዚያ በኋላ ጊታርሽን አንሺ። ጭፈራውን የማያውቅ ጊታር ምቱን ይስታል፤ የሚጨፍሩትም ወዲያው ያውቁበታል።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ መስቀል ነው፤ ለሙስሊሙ ወገናችን ደግሞ አረፋ። አዲስ አበባ ያለው፣ ሩቅ አገር ያለው፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቆጮው ይጋገራል፣ ክትፎው ይቀርባል፣ አሮጊቶቹም ይዘፍናሉ። ሶዶ ላይ አዳብና የሚባለው የመስቀል ጨዋታ ይደምቃል። አንቺ በዚያን ቀን ሥራ አለብሽ። ከአያትሽ አጠገብ ተቀመጪ። ‹እማማ፣ ልጅ ሳሉ ምን ይዘፍኑ ነበር?› ብለሽ ጠይቂ። ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ በስልክሽ ቅጂ። የዘፈነችውን ሴት ስም፣ መንደሯን፣ ቀኑን ጻፊ። የቃሉን ፍቺ ያስረዱኝ በያት፤ ብዙው ቃል ዛሬ ከተማ ውስጥ የማይነገር ነው። ቸኩዪ እልሻለሁ፤ በሌላው ነገር ሁሉ ረጋ በዪ፣ በዚህ ግን ቸኩዪ። አንዲት አሮጊት ባረፈች ቁጥር ያልተቀዳ ዘፈን አብሮ ይቀበራል።

ከዚያ ስለ ልማድ ልምከርሽ። ሙዚቃን የሚያበላሸው የችሎታ ማነስ ሳይሆን የልማድ ማነስ ነው። በየቀኑ ትንሽ ተጫወቺ። በሳምንት አንድ ቀን አምስት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይሻላል። ሁልጊዜ ክሩን ቃኝተሽ ጀምሪ፤ ባልተቃኘ ጊታር የሚለማመድ ልጅ ጆሮውን ያበላሻል። ቀስ ብለሽ ተጫወቺ። ስትሳሳቺ ከመጀመሪያው አትነሺ፤ የተሳሳትሽባትን ቦታ ብቻ ደጋግመሽ አስተካክያት። እንሰት የተከለ ሰው ቆጮውን በማግስቱ አይጠብቅም፤ ዓመታት እንደሚፈጅ እያወቀ ይተክላል፣ ይኮተኩታል፣ ያዛውራል። አንቺ የዚያ ሕዝብ ልጅ ነሽ። መታገሥ አልችልም ብትዪኝ አላምንሽም።

ኃይሉ መርጊያን አስቢ። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮኑን ይዞ አንድ ሥራ ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኑሮውን የሚገፋው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ ነበር። መድረክ አልነበረውም፤ ልምምዱን ግን አልተወም። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የድሮው ሥራው እንደገና ሲታተም ዓለም ፈለገው። ሲፈልጉት እጁ ዝግጁ ነበር። ተመልሶ መድረክ ወጣ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አልበምም አወጣ። እሱ ልምምዱን ትቶ ቢሆን ኖሮ ሰው ሲመጣ የሚያገኘው የደነዘዘ እጅ ነበር። የሚያይሽ ሰው በሌለበት ሰዓት የምታደርጊው ነገር ነው የሚቀጥለውን ዘመንሽን የሚወስነው።

ከክፉ ልማድም ራቂ። ይህን የምልሽ ስለማላምንሽ አይደለም። አምንሻለሁ። ግን ‹ጫት ካልያዝኩ ጣቴ አይፈታም፣ ካልጠጣሁ ድምፄ አይወጣም› የሚሉ ልጆች አይቻለሁ። መጀመሪያ ለሙዚቃው ብለው ያዙት፤ በኋላ ሙዚቃውን ትተው እሱ ብቻ ቀራቸው። ሌሊት ሠርግ ላይ ስትጫወቺ ክፍያሽን አስቀድመሽ ተነጋገሪ፣ ከምታምኛቸው ሰዎች ጋር ሂጂ፣ በጊዜ ተመለሺ። ጊታር ለመግዛት አትበደሪ፤ የእኛ ሰው ዕቁብ ያውቃል፣ ከጓደኞችሽ ጋር ዕቁብ ግቢና ግዢ። በዕዳ የተገዛ ጊታር ልብን አያሳርፍም።

ታማኝ ሁኚ። የሰው ዘፈን ስትጫወቺ የደራሲውን ስም ጥሪ። የአያትሽን ዘፈን ስትጫወቺ የአያትሽን ስም ጥሪ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የሠሪውን መብት ይጠብቃል፤ ግን ሕጉ ባይኖርም ሥነ ምግባሩ አለ። የሰውን ድካም የራሷ አስመስላ የምታቀርብ ልጅ አንድ ቀን ትታወቃለች፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ሥራዋንም የሚያምናት ታጣለች። የቀደሙትን ስም እየጠራች የምትጫወት ልጅ ግን፣ ሰው የእሷንም ስም ይጠራላታል።

መምህር ብታገኚ ተማሪ። ዕድሉ ከተገኘም አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ እዚያ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ከፒያኖ ጋር ጎን ለጎን ይሰጣሉ። ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የአገርሽን ዘፈን በጆሮሽ ሞልተሽ ሂጂ። ትምህርት ቤት ስልቱን ያስተምርሻል፤ የምትዪውን ነገር ግን ከቤትሽ ይዘሽ መሄድ ያለብሽ አንቺ ነሽ።

እንግዲህ ልጄ፣ አደራዬ አንድ ነው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከአያትሽ አንድ ዘፈን ተማሪ። ቃሉን ጨርሰሽ ያዢው፣ ዝፈኚው፣ አጨብጭቢው፤ ከዚያ ጊታርሽ ላይ አምጪው። ከእነ አስናቀችና ከእነ አሊ ፋርካ የተማርሽውን ሁሉ ለዚያች አንዲት ዘፈን አውዪው። ሲሳካልሽ መጀመሪያ ለአያትሽ ተጫወቺላት፤ ‹እንዲህ አይደለም› ብትልሽ አትከፊ፣ አስተካክዪ። እሷ ‹ይኸው ነው› ስትልሽ ደግሞ ሁለተኛዋን ጀምሪ። ይህን ማድረግ እንደምትችዪ አውቃለሁ። ፈጣሪ ይርዳሽ፤ በርቺልኝ።